ከሰልፍ ድምፅ ሙዚቃ እንዴት ይሠራል?

ሰልፍ ላይ የተቀዳ ድምፅ በኮምፒውተር ተቆራርጦ ሙዚቃ ይሆናል ሲባል፣ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጩኸት እንዴት ዜማ ይሆናል?» ብሎ ነው። ሰልፉን ልብ ብለው ያድምጡት። አንዱ መፈክር ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል፣ ጭብጨባው ይከተላል። መንዙማ ላይም አውጪና ተቀባይ አለ። ምቱ ሰልፉ ውስጥ ቀድሞ አለ። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ለይቶ ማውጣት ነው።

ነገሩ አዲስ ነው? አይደለም። ሃሊም ኤል-ዳብ የተባለ ግብፃዊ በ1936 ዓ.ም. ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት ላይ የሴቶችን ድምፅ በሽቦ መቅጃ ቀዳ። ይህ ከቴፕ በፊት ድምፅን በቀጭን ሽቦ ላይ ይይዝ የነበረ መሣሪያ ነው። ከዚያ ድምፁን እያስተጋባ፣ ደግሞ ደጋግሞ እየቀዳ ሙዚቃ አደረገው። ይኸው ሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ አስተምሯል፤ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሥርቷል። ዛርን ለሚያውቅ የወሎ ሰው ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይመስለኝም። የሰልፍን ድምፅ ደግሞ አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ዴላውሬንቲ ሠርቶበታል። በፈረንጆቹ ኅዳር 30 ቀን 1999 ሲያትል ላይ የዓለም ንግድ ድርጅትን የተቃወመውን ሕዝብ መሐል ገብቶ ቀዳ። እኛ ዘንድ ሚካኤል ሰይፉ፣ እንደገና ሙሉና ሮፍናን የአገር ቤት ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ጋር አዋህደዋል። ያው ዘዴ ለጭብጨባና ለመፈክርም ይሆናል።

መቅዳቱ ላይ ስልክ ይበቃል። ኪስ ውስጥ ግን አይክተቱት፤ የጨርቁ ፍትጊያ ሁሉን ያበላሻል። ነፋስ ካለ ማይኩን በስስ ስፖንጅ ይሸፍኑ። መቅጃው ላይ «ዌቭ» የሚለውን ከመረጡ ድምፁ ሳይጨመቅ ይቀመጣል። በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል፣ በሰዓት 600 ይወስዳል።

ቀጥሎ መቁረጥ ነው። ድምፁ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፈት ወጣ ገባ መስመር ሆኖ ይታያል። ጭብጨባ እንደ እሾህ ቀጥ ብሎ የቆመው ነው። እሾሁ ሊጀምር ሲል ይቁረጡ፤ ከዘገዩ መጀመሪያው ተቆርጦ ጭብጨባው ይደነዝዛል። የተቆረጠው ቁራጭ ሳምፕል ይባላል። በየግማሽ ሰከንዱ ቢደግሙት በደቂቃ 120 ምት ይሆናል፤ ለጭፈራ የሚመች ፍጥነት ነው። ይህ ድግግሞሽ ሉፕ ይባላል። የሕዝቡን ጩኸት ደግሞ በጣም ጎትተው ቢያስረዝሙት ቃሉ ይጠፋና ረጅም ድምፅ ይቀራል። በላዩ አምባሰል ወይም ባቲ ቅኝት መጫወት ይቻላል። ለእኔ ከሥራው ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው።

ስንት ይፈጃል? ኦዳሲቲ የተባለው የድምፅ መቁረጫ ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። እንደ ኤብልተን ያሉት የሚከፈልባቸው በዶላር ስለሆነ ለጀማሪ አልመክርም። የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ሙዚቃ ብዙ ሰዓት ማድመጥ አለ።

ከገንዘቡ የሚከብደው ሌላ ነው። የሰው ድምፅ ሰውየውን ያስታውቃል። ድምፁን ማወፈር ወይም ማቅጠን አይሸሽገውም፤ ለውጡን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። ስለዚህ ለይቶ የሚሰማውን ሰው ፈቃድ ይጠይቁ። ካላገኙት ይተዉትና የብዙኃኑን ጩኸት ብቻ ይጠቀሙ። ሰልፉ ላይ በድምፅ ማጉያ ዘፈን ከተለቀቀ ደግሞ ባለቤት አለው፤ የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ነው። ጸጥታው የሚያሰጋ ከሆነ ለሙዚቃ ብለው አይውጡ።

ታዲያ ሳይወጡ መሥራት ይቻላል? ይቻላል። «መሬት ለአራሹ» በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰማ መፈክር ነው፤ ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሰልፍ የወጡ ሰዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። ፈቃዳቸው ከሆነ በርና መስኮት ዘግተው፣ ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር አርቀው፣ ያኔ እንዳሉት እንዲሉልዎት ይጠይቋቸው። የጥቂት ሰዎችን ድምፅ ደራርበው፣ እያንዳንዱን በጥቂቱ አዘግይተው ቢያስገቡት አደባባይ የሞላ ሕዝብ ይመስላል። ሥራውን ሲያወጡ ግን በዚህ መንገድ የተሠራ መሆኑን ይጻፉበት፤ አድማጩ የዕለቱ ቅጂ እንዳይመስለው።