ፉርጎው የሚጎተተው በእግሩ ነው በወገቡ?

በግቢ አትክልት መሐል ትልልቅ የሞዴል ባቡር የሚነዱ ሰዎች አንድ የማያረጅ ክርክር አላቸው፤ መጋጠሚያው የት ይታሰር? ኤል ጂ ቢ የተባለው የጀርመን ምርት እ.ኤ.አ. በ1968 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ ፋብሪካዎች መንጠቆውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስሩት ከፉርጎው ሥር በሚዞረው እግር፣ በቦጊው ላይ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ እሱን ይነቅልና ጣት መሳይ መያዣ ያለውን መጋጠሚያ በፉርጎው ወገብ፣ በሻንሲው ላይ ያስራል። በዚህ ሥራ ዙሪያ ከሚወራው ውስጥ ተረቱ ብዙ ነው።

«ለመልክ ብቻ ነው»

መልኩ ማማሩ አይካድም፤ በፉርጎዎቹ መሐል ያለው ክፍተት ይጠባል። ጥቅሙ ግን ባቡሩ ወደኋላ ሲሄድ ነው የሚታየው። መንጠቆው ቦጊው ላይ ሲሆን ሎኮሞቲቩ የሚገፋው ፉርጎውን ሳይሆን እግሩን ነው። ቦጊው በአንዲት ምሶሶ ዙሪያ ስለሚዞር ግፊቱ ትንሽ ሲንጋደድ ይጠመዘዛል፤ የጎማው ከንፈር የሐዲዱን ጎን እየቧጠጠ ሽቅብ ይወጣል። መጀመሪያ ሐዲድ የሚስተው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ያለው ባዶና ቀላል ፉርጎ ነው። ጋሪ ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጎማውን ይዞ ጋሪ የሚገፋ የለም።

እውነተኛው ባቡርም እንዲሁ ነው። አሜሪካዊው ኢላይ ጃኒ እ.ኤ.አ. በ1873 የፈጠራ መብት ያገኘበት መጋጠሚያ የሚታሰረው ከፉርጎው ወለል በታች ባለው ሻንሲ ላይ ነው። 

«ሻንሲ ላይ ከታሰረ የትም ኩርባ ይሄዳል»

ሰውን ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ተረት ይሄ ነው። የቦጊ መንጠቆ ሐዲዱን እየተከተለ ይዞራል። ሻንሲ ላይ ያለው ግን ከፉርጎው ጫፍ ጋር ወደ ውጭ ይሄዳል። ከመጋጠሚያ እስከ መጋጠሚያ 54 ሴንቲሜትር የሚረዝም፣ በቦጊዎቹ መሐል 36 ሴንቲሜትር ያለው ፉርጎ እንውሰድ። ራዲየሱ 60 ሴንቲሜትር በሆነ ኩርባ ላይ (ከኤል ጂ ቢ የጀማሪ ሳጥን የሚወጣው ኩርባ ይኸው ነው) መጋጠሚያው ከሐዲዱ መሐል 3.3 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣል። ራዲየሱ 1.5 ሜትር ሲሆን 1.3 ብቻ።

ደግሞ አደጋው ብዙዎች የሚፈሩት ቦታ ላይ አይደለም። ሁለት እኩል ፉርጎዎች ኩርባው ውስጥ ከገቡ በኋላ ሁለቱም እኩል ስለሚወጡ ጫፎቻቸው አይለያዩም። ችግሩ ከቀጥታው ወደ ኩርባው ሲገቡ ነው፤ አንዱ ገና መሐል ላይ እያለ ሌላው ወጥቷል። አንዱ ኩርባ ወደ ግራ፣ ተከታዩ ወደ ቀኝ ከሆነማ ልዩነቱ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ረጅም ፉርጎ ከአጭር ጋር ሲያያዝም እንዲሁ፤ አጭሩ እምብዛም ስለማይወጣ ረጅሙ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ስለዚህ በተቃራኒ ኩርባዎች መሐል ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎ ያህል ቀጥ ያለ ሐዲድ ማስገባት ይጠቅማል። ቦታ ጠቦ ኩርባው 60 ሴንቲሜትር ላይ ለቀረበት ሰው የእኔ ምክር አጭር ነው፤ ረጅሞቹን ፉርጎዎች አይንኳቸው። ፋብሪካው ቦጊ ላይ ያሰረው ባለማወቅ አይደለም።

«ሐዲዱ አንድ ከሆነ ከፍታውም አንድ ነው»

45 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸው ሞዴሎች ይሄዳሉ። ከእውነተኛው 22.5 ጊዜ ላነሰ ሞዴል 45ን በ22.5 ብናባዛ 1012.5 ሚሊሜትር ይመጣል፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ መስመር አንድ ሜትር ስፋት ነው ለማለት ይቻላል። በ32 ብናባዛው ደግሞ 1440፤ ለአዲሱ መስመር 1435 ሚሊሜትር የቀረበ ነው። የለገሃሩ አሮጌ ባቡርና የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር ሞዴሎች በአንድ ሐዲድ ላይ መሄድ ይችላሉ ማለት ነው፤ የወለላቸው ከፍታ ግን ለየቅል ነው። ከፍ ያለው መጋጠሚያ ዝቅ ካለው ላይ ተንሸራቶ ይለቃል፣ ባቡሩም ለሁለት ይከፈላል። መለኪያ ሐዲዱ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ጫፍ ማስተያየት፣ ዝቅ እንዲል የሚፈለገውን ደግሞ መጋጠሚያው ከተቀመጠበት ሳጥን በላይ ስስ ፕላስቲክ መደረብ ነው።

«ማጣበቂያ ይበቃዋል»

አይበቃውም። የፊተኛው ፉርጎ መጋጠሚያ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ክብደት ይሸከማል። ከብሎኑ ቀጠን ያለ ቀዳዳ ተበስቶ በብሎን ይታሰር። ብሎኑን ከልክ በላይ ማጥበቅም ሌላ ጣጣ ነው፤ ሳጥኑ ይጨመቅና መጋጠሚያው ወደ ጎን ዞሮ አይመለስም። በጣት ገፋ ሲያደርጉት በራሱ ወደ መሐል መመለስ አለበት።

ሁሉም ፉርጎ በአንድ ቀን ይለወጥ የሚለውም ግዴታ አይደለም። በአንድ ጫፉ አሮጌው መንጠቆ፣ በሌላው አዲሱ መጋጠሚያ ያለው አንድ ፉርጎ ሁለቱን ወገን ያገናኛል። መሰርሰሪያው ከመነሳቱ በፊት ግን መጋጠሚያዎቹን ለጊዜው በፕላስተር ለጥፎ፣ ረጅሙንና አጭሩን ፉርጎ አያይዞ፣ በጠባቡ ኩርባ ላይ በእጅ ቀስ እያሉ መግፋት ነው። መጀመሪያ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ።