ከጠፈር የተመለሱት በሮች

ሰው አሳፍረው ወደ ጠፈር ከሄዱት መንኮራኩሮች መካከል ስመ ጥሮቹ ዛሬ ጡረታ ወጥተዋል። አንዳንዶቹ በትልልቅ ከተሞች፣ አንዳንዶቹ ስማቸው ብዙም በማይነሳ ትንንሽ ከተሞች ሙዚየም ውስጥ ቆመው ጎብኚ ይቀበላሉ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ወሬያቸውን የሰማነው በሬዲዮ ነው። ሰው ጨረቃን ረገጠ የተባለው በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ነበር። የተደነቀም ነበር፤ “ይሄማ ውሸት ነው” ብሎ የተከራከረም አልጠፋም።

ባለፈው ክረምት ቨርጂኒያ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ፣ ከእሷና ከስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ጋር አንዳንዶቹን በዓይኔ አየሁ። ስለ ሌሎቹም ከዚያ ወዲህ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ ይህን የምጽፈው የት እንዳሉ ለመጠቆም ብቻ አይደለም። ልጅ ስለ ሞት ሲጠይቀን ምን እንመልሳለን የሚለውን ጉዳይ እግረ መንገዴን ላነሳው ስለፈለግሁ ነው።

ዋሽንግተን ያለችው ኮሎምቢያ

አፖሎ 11 በሚባለው ጉዞ ኒል አርምስትሮንግን፣ በዝ ኦልድሪንንና ማይክል ኮሊንስን ይዛ ሄዳ የተመለሰችው ክፍል “ኮሎምቢያ” ትባላለች። የምትገኘውም በዋሽንግተን ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ነው። ሲነሱ ሮኬቱና መንኮራኩሩ ተደራርበው 110 ሜትር ያህል ቁመት ነበራቸው። ከዚያ ሁሉ ወደ ምድር የተመለሰችው ይቺ ክፍል ብቻ ናት። ታችኛው ወርዷ አራት ሜትር አይሞላም። ሦስት ጎልማሶች ስምንት ቀን በዚህች ውስጥ ተጉዘዋል። ከአየሩ ጋር ስትፋተግ የደረሰባት ቃጠሎ እስከ አሁን አካሏ ላይ ይታያል፤ ምጣድ ላይ እንደቆየ ቂጣ ጠቁራለች።

ውስጧ ግድግዳ ላይ በእጅ የተሳለች ትንሽ የቀን መቁጠሪያ አለች። ያለፉት ቀናት እየተሰረዙ ተመዝግበውባታል። የልጅ ልጄ ይህን ስትሰማ በጣም ሳቀች፤ እሷም ልደቷ ሲቃረብ ቀኑን እንዲሁ እየሰረዘች ትቆጥራለች።

ቀጥላ ግን እንዲህ ብላ ጠየቀች፦ “አባባ፣ በሩ አልከፈት ቢላቸውስ?”

እናቷ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። “ተወው፣ ሌላ ነገር አውራ” ማለቷ ነው። እኔ ግን ስለዚያ በር አንብቤ ስለነበር፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጫት እውነቱን ነገርኳት።

አንድ ሰው፣ ሁለት በሮች

ገስ ግሪሶም ወደ ጠፈር የወጣ ሁለተኛው አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1961 “ሊበርቲ ቤል 7” በተባለች መንኮራኩር ለ15 ደቂቃ ያህል በርሮ ባሕር ላይ አረፈ። ሄሊኮፕተር እስኪደርስለት ሲጠብቅ በሩ ሳይታሰብ ተፈንጥሮ ተከፈተ። ውኃው ገባ። ግሪሶም ዘሎ ወጥቶ ከመስጠም ለጥቂት ተረፈ፤ መንኮራኩሯ ግን ሰጠመች። በሩን አልነካሁትም እንዳለ ኖረ፤ ያላመኑት ግን ነበሩ። መንኮራኩሯ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት 38 ዓመት ከቆየች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ተፈልጋ ወጣች። ዛሬ ካንሳስ ግዛት፣ ሃቺንሰን ከተማ ባለው “ኮስሞስፊር” ሙዚየም ትታያለች። በሯ ግን አልተገኘም።

ቀጥሎ የተሠራው የአፖሎ መንኮራኩር የውስጥ በር ሳይታሰብ እንዳይከፈት ታስቦ ወደ ውስጥ የሚከፈት ሆነ። እ.ኤ.አ. ጥር 27 ቀን 1967 ግሪሶም፣ ኤድ ዋይትና ሮጀር ቻፊ ፍሎሪዳ ውስጥ መሬት ላይ ሆነው ሙከራ ሲያደርጉ እሳት ተነሳ። ውስጡ በንጹሕ ኦክስጅን የተሞላ ስለነበር እሳቱ ወዲያው ተስፋፋ። የውስጡ ግፊት በሩን ወደ ውጭ ተጭኖ ያዘው፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ደግሞ እንዲህ ሲሆን በሰው ጉልበት አይከፈትም። ሦስቱም ሞቱ።

ከዚያ በኋላ በሩ እንደገና ተሠራ። ወደ ውጭ፣ ያውም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የሚከፈት ሆነ። እነ አርምስትሮንግ ጨረቃ ደርሰው የተመለሱት በዚህ ዓይነቱ በር ነው።

ለልጅ ልጄ የእሳቱን ነገር አላብራራሁላትም። “ሦስት ሰዎች በሩ አልከፈት ብሏቸው ሞቱ። ከዚያ በሩ ተቀየረ” አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ “የዚችኛዋስ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው?” አለች። አዎ አልኳት። ሄዳ እንደገና በሩን ስታይ ቆየች።

ሃምሳ ዓመት የተደበቀ በር

ማታ ልጄ፣ “አባዬ፣ ሕፃን እኮ ናት! እንቅልፍ ብታጣስ?” አለችኝ። ስጋቷ ይገባኛል። እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ሰው ሲሞት “ሩቅ አገር ሄዷል” ይባላል፤ ለትልቅ ሰው እንኳ መርዶ የሚነገረው ተመክሮበት፣ ሰዓት ተመርጦለት ነው። በዚህ ውስጥ ርኅራኄ አለ። ነገር ግን ልጅ ዘግይቶም ቢሆን ይሰማል፤ ያን ጊዜ ከሐዘኑ ይልቅ መደበቁ ይቆረቁረዋል።

መደበቅ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ያ የአፖሎ 1 በር ለሃምሳ ዓመት ከሕዝብ ዓይን ርቆ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለእይታ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥር 2017፣ አደጋው በደረሰ በ50ኛው ዓመት ነው። አሁን ፍሎሪዳ በሚገኘው የኬኔዲ የጠፈር ማዕከል የጎብኚዎች ሥፍራ ይታያል። የተቃጠለው መንኮራኩር ራሱ ግን እስከ ዛሬ ለሕዝብ አልቀረበም። በዚያው ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ2003 ሰባት ሰባት ሰው ይዘው የጠፉት የቻሌንጀርና የኮሎምቢያ መንኮራኩሮች ቅሪትም አለ። ይቺ ኮሎምቢያ በስም ትመሳሰላለች እንጂ ዋሽንግተን ካለችው የተለየች ናት።

ሩሲያም የደበቀችው ነገር ነበራት። ዩሪ ጋጋሪን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 12 ቀን 1961 በ108 ደቂቃ በረራ የመጀመሪያው የጠፈር ሰው ሆነ። የተሳፈረባት “ቮስቶክ 1” ሞስኮ አጠገብ፣ ኮሮልዮቭ ከተማ ባለው የኤነርጂያ ድርጅት ሙዚየም ትገኛለች። ጋጋሪን 7 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ በሩ ተፈንጥሮ ተነሳና ከነወንበሩ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ በራሱ ፓራሹትም አረፈ። ለዓመታት ይነገር የነበረው ግን ከነመንኮራኩሩ አረፈ ተብሎ ነው። እውነቱ ሲታወቅ ክብሩ አልቀነሰም።

ለልጄም ይህንኑ ነገርኳት። በመጨረሻ በአንድ ነገር ተስማማን፦ ለልጅ የጠየቀውን ያህል ብቻ መመለስ። ያልጠየቀውን አለመጨመር፣ የጠየቀውን ደግሞ አለመዋሸት።

ሌሎቹስ የት ናቸው?

የኦክስጅን ታንኳ ጠፈር ላይ ፈንድቶ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 ሦስት ሰዎቿን በሕይወት ይዛ የተመለሰችው የአፖሎ 13 መንኮራኩር ለብዙ ጊዜ ፓሪስ አጠገብ ነበረች። አሁን ከሊበርቲ ቤል 7 ጋር በዚያው በሃቺንሰን ትገኛለች። አፖሎ 8 ቺካጎ፣ አፖሎ 17 ሂዩስተን ናቸው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ አፖሎ 10ን ለንደን ሳይንስ ሙዚየም ታገኟታላችሁ።

እንደ አውሮፕላን ክንፍ ካላቸው የጠፈር ማመላለሻዎች 39 ጊዜ የበረረችው ዲስከቨሪ ቻንቲሊ፣ ቨርጂኒያ ናት። አትላንቲስ ፍሎሪዳ፣ ኢንደቨር ደግሞ ሎስ አንጀለስ ትገኛለች። የዲስከቨሪ ሙዚየም የእኛው አየር መንገድ ከሚያርፍበት ዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። መግቢያው ነፃ ሲሆን የሚከፈለው ለመኪና ማቆሚያ ነው። ዋሽንግተን ያለውም በነፃ ይገባል፤ እኛ በሄድን ጊዜ ግን አስቀድሞ በኢንተርኔት ሰዓት ማስያዝ ያስፈልግ ነበር። ልጆቻችሁን ልትጠይቁ ሄዳችሁ ቀኑ ለሚረዝምባችሁ ወላጆች፣ ከልጅ ልጅ ጋር የሚዋልበት ጥሩ ቦታ ነው።

እዚህ አገር ላለነው ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሙዚየሙ የኮሎምቢያን ውስጥና ውጭ በሦስት ገጽታ ቀርጾ በኢንተርኔት በነፃ አቅርቦታል። በስልክ ከፍታችሁ ከልጆች ጋር ተመልከቱት። በሩን ፈልጉና በየት በኩል ይከፈት እንደነበር ጠይቋቸው። “ለምን?” ማለታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ ስለ ግሪሶም፣ ስለ ዋይትና ስለ ቻፊ ንገሯቸው።