ከባንኮኒው ጀርባ፦ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤቶች

አዲስ አበባ ውስጥ አልበም መውጣቱን የሚያበስረው ሞንታርቦ ነበር። ፒያሳም ይሁን መርካቶ፣ ሙዚቃ ቤቱ ትልልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች በራፉ ላይ ገትሮ አዲሱን ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀዋል። ታክሲ የሚጠብቀው፣ ሊስትሮው፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ተማሪ ሁሉ ሳያስበው አዝማቹን ሸምድዶ ቤቱ ይገባል። ደመወዝ ሲወጣ ካሴቱን ሊገዛ ይመለሳል።

ሌላ አገር ዘፋኝ የሚያስፈርመው፣ ሥራውን የሚያሳትመውና በየሱቁ የሚያከፋፍለው ትልቅ ኩባንያ ነው፤ ሱቁ ይሸጣል እንጂ ሌላው አይመለከተውም። የእኛ ሙዚቃ ቤት ግን ይህን ሁሉ ብቻውን ይሠራ ነበር። ባለቤቱ ዘፋኙን ከገጣሚና ከዜማ ደራሲ ያገናኛል፣ ለባንዱ ይከፍላል፣ የሽፋኑን ፎቶ ያስነሳል፣ ክሩን ያስባዛል፣ ለክፍለ ሀገር ነጋዴዎች በካርቶን እያሸገ ይልካል። ገበያ ካልተገኘ የሚከስረውም እሱው ነው። በእኔ እምነት ዛሬ ወርቃማው ዘመን እያልን የምናወድሰው ሙዚቃ የድምፃውያኑንና የባንዶቹን ያህል የእነዚህ ባለሱቆች ድፍረት ውጤት ነው።

ድፍረት ስል አምሃ እሸቴን ማንሳቴ ግድ ነው። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በድንጋጌ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ዘመናዊዎቹን ባንዶች ሳያሳትም ዓመታት አለፉ። ከተማው በዚያው ጊዜ በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስና በክለብ ኦርኬስትራዎች ይናጥ ነበር፤ ሙዚቃው ግን ሌሊቱ ሲነጋ ከአዳራሹ ጋር አብሮ ይበተናል። አቶ አምሃ ያኔ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ የውጭ ሸክላ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ድንጋጌውን ተዳፍረው አምሃ ሪከርድስን መሠረቱና የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተሙ። የሚከሳቸው አልተገኘም። አገር ውስጥ የሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የተቀዳው ድምፅ እንደ ህንድና ሊባኖስ ወዳሉ አገሮች ተልኮ፣ ታትሞ ይመለስ ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ነጠላ ሸክላዎችና ደርዘን ያህል አልበሞች አወጡ። የሙላቱ አስታጥቄ «የካቲት» የተሰኘው አልበም እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው ከዚሁ ቤት ነው።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ሌሎችም ገቡበት። ብዙዎች አሊ ታንጎ እያሉ የሚጠሯቸው አሊ አብደላ ካይፋ፣ ካይፋ ሪከርድስን አቋቋሙ። የማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ» እና እ.ኤ.አ. በ1977 የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» በካይፋ ስም የወጡ ናቸው። እንደ «ቼ በለው» ከዘፋኝ ይልቅ ኦርጋንና ሳክስፎን ለሚሰማበት አልበም ገንዘብ ማፍሰስ ለነጋዴ ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ደንበኛ ግጥም ፈልጎ ነው የሚመጣውና።

አብዮቱ ሲመጣ የሰዓት እላፊው የምሽት ክለቦቹን አዳከመ፣ ግጥም ሳንሱር ሳያልፍ አይወጣም ነበር፣ አቶ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደው ዋሽንግተን ላይ ብሉ ናይል የተባለ ምግብ ቤት ከፈቱ። ሸክላ በዚያው ሰሞን ለካሴት ቦታውን ለቀቀ። ካሴት ለነጋዴው ምቹ ነው፤ ፋብሪካ ፍለጋ ባሕር መሻገር ቀረ፣ እዚሁ ይባዛል፣ በባትሪ በሚሠራ ቴፕ ገጠር ድረስ ይሰማል። አምባሰል፣ ኤሌክትራ፣ ሱፐር ሶኒክና መሰሎቻቸው ስማቸውን የተከሉት በካሴት ነው። የኔ ትውልድ ስለ ዘፈን ሲያወራ ሙዚቃ ቤቱንም አብሮ ይጠራል፤ የሙዚቃ ቤቱ ስም የጥራት ምልክት ነበርና ሰው ዘፋኙን ባያውቀው እንኳ አሳታሚውን አምኖ ይገዛል።

የካሴቱ ምቾት ግን ጠላትም ነበር። ሁለት ቴፕ ጎን ለጎን ያለው ሁሉ አባዢ መሆን ይችላል። አልበሙ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ኮፒው በግማሽ ዋጋ ጎዳና ላይ ይዞራል፤ ስለዚህ ሙዚቃ ቤቱ ትርፉን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሰበሰበ አለቀለት። ሞንታርቦው ያን ያህል የሚጮኸውም ለዚህ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ ካሴቱ ራሱ ለሲዲ ቦታ እየለቀቀ ነበር።

ስለነዚህ ቤቶች በፍቅር ስጽፍ የማላልፈው ነገር አለ። የተለመደው ውል የአንድ ጊዜ ክፍያ ነበር። ዘፋኙ ተስማምቶ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ዋናው ቅጂ፣ ማስተሩ፣ የሙዚቃ ቤቱ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አልበሙ መቶ ይሸጥ መቶ ሺህ ለድምፃዊው ለውጥ የለውም፤ ግጥምና ዜማ ደራሲው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ያገኛል። ኪሳራውን የሚሸከመው ባለሱቁ ስለሆነ የውሉ መነሻ ይገባኛል። ሕዝብ በሠርጉና በሐዘኑ ዘፈናቸውን የዘፈነላቸው ሰዎች በስተርጅና ለሕክምና መዋጮ ሲሰበሰብላቸው ማየት ግን ልክ ነው ብዬ አላውቅም።

ውጭ አገር የተሰማው ሙዚቃችን ምንጩም ይኸው የሙዚቃ ቤቶቹ ባንኮኒ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፈረንሳይ ውስጥ ያሳተሙት «ኢትዮፒክስ» የተሰኘው ተከታታይ ስብስብ በብዛት ከአምሃና ከካይፋ ሸክላዎች የተቀዳ ነው። ሙዚቀኛ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲያሳትመው፣ ሙዚቀኛው ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ ተመለሱ። አቶ አምሃ ወደ አገራቸው ተመልሰው ኖረው በ2013 ዓ.ም. አረፉ።

ዛሬ በየሰፈሩ ፍላሽና ሚሞሪ የሚሞሉ ጠባብ ክፍሎች አሉ፤ አዲሱ አልበም የሚወጣው ዩቲዩብ ላይ ነው። አንዳንዶቹ የድሮ ሙዚቃ ቤቶች በዚያው ስማቸው ቻናል ከፍተው የቆዩ ሥራዎቻቸውን ይለቃሉ። የሚያስጨንቀኝ ያልተለቀቀው ነው። የካሴት ክር በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፣ ይጣበቃል፣ ድምፁ ይሟሽሻል። ወራሾች መጋዘን ሲያስለቅቁ ማስተሩ ከአሮጌ ዕቃ ጋር ሊጣል ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ኦሪጅናል ካሴት ካለ ከመጣላችሁ በፊት ሽፋኑን ገልጣችሁ እዩት፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው፣ ስልክ ላይ ከተጫነው ዘፈን ጋር ያልተሻገረው ስም ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።