አሮጌ ላንድሮቨርን እንደ ነበረ ስለ መጠበቅ

በቀይ አፈር የሐሙስ ገበያ ከሚገናኙት ነጋዴዎች መካከል አሮጌ ላንድሮቨር ያለው ቢኖር፥ ቀለም አስቀብቶ ለመሸጥ ከመቸኮሉ በፊት ነገሩን ቢመረምር ይበጀዋል።

ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ሲቀርብ፥ ከጦርነቱ በኋላ ብረት አጥሮ ስለ ነበረ አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ይዝጋል። ስለዚህ ከዝናብ በኋላ ከሥር የተጣበቀው ቀይ ጭቃ መታጠብ፥ ዝገቱም በጊዜው መጠገን አለበት። የፋብሪካው ቀለም ግን ቢደበዝዝም አይነካ፤ አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስምና። በእስቱኮ የተሸፈነ አካል አዋቂውን ገዢ ያጠራጥረዋል።

የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ፥ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ጋር የሚስማማ አሮጌ መኪና በእጁ ያለ ሰው ጠብቆ ይያዘው።