አራት እኩል ጠብታ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሹፌር የሞያሌን ኬላ እንዳለፈ መስመር ይቀይራል። እስከዚያ በቀኝ ሲነዳ የመጣው ሰው ከዚያ ወዲያ በግራ ይነዳል። ታሪካችን የሚካሄድባት ሄሉ የምትገኘው በግራ በሚነዳበት ወገን፣ በኬንያ ማርሳቢት ካውንቲ ነው። ቦረንኛው፣ ቡርጂኛው፣ ስዋሂሊውና አማርኛው በአንድ መንገድ ላይ ይሰማል። መካኒኩ እዚህ «ፉንዲ» ይባላል፤ ጣሪያና ግድግዳ በሌለው ቦታ የሚሠራው የእጅ ሥራ ሁሉ ደግሞ «ጁዋ ካሊ» ነው፣ በስዋሂሊ ኃይለኛ ፀሐይ ማለት።

የዚህ መንገድ ባለሙያ እጁን ያፍታታው በናፍጣ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ የጭነት መኪናው በዝቷል፤ በ2013 ዓ.ም የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላም የሁለቱን አገሮች ፍተሻ ወደ አንድ ቦታ አምጥቶታል። የአይሱዙ ፖምፓ የሚፈታ ሰው በየከተማው አይጠፋም። አሁን ግን እንበልና ከናይሮቢ የተነሳች፣ እ.ኤ.አ. የ1980ዎቹ ሥሪት የሆነች፣ ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ሄሉ ላይ ቆመች። ቤንዚን ነው የምትጠጣው። ሚኒሞ ላይ ትንቀጠቀጣለች፤ ዳገት ላይ ታነክሳለች፤ ጠዋት ለመነሳት ታንገራግራለች። ካንዴላ ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። ጣት ወደ ኢንጀክተሮቹ ይቀሰራል።

ሴሊካ ኬንያ ውስጥ ባይተዋር አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረው የሳፋሪ ራሊ የአገሬው ሰው መኪና የሚመዝንበት ሚዛን ነበር። በ1971 እና በ1973 ያሸነፈው ዳትሰን 240ዜድ ነዳጁን የሚያገኘው በካርቡራተር ነበር፤ በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ ያሸነፈችው ሴሊካ ግን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ኢንጀክተር ነበራት። ኬንያ ዕድሜው ከስምንት ዓመት ያለፈ መኪና እንዳይገባ ትከለክላለችና ዛሬ መንገድ ላይ የምትታይ አሮጌ ሴሊካ ከድሮ ጀምራ እዚያው የኖረች ናት። በኢትዮጵያ ወገን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ከድንበሩ በዚህም ሆነ በዚያ፣ አሮጌ የቤንዚን ሞተር ያለው ሰው ያለውን ማደስ እንጂ ሌላ መተኪያ መንገዱ እየጠበበበት ነው።

ኢንጀክተር ምንድን ነው? ሲያዩት የጣት ርዝመት ያለው፣ ራሱ ላይ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለበት ቁራጭ ነው። ውስጡ ግን ሰዓት ሠሪ የሚያስቀና ነው። ጥቅልል የመዳብ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ሲሞቅ ሳይሆን ኮረንቲ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል። ማግኔቱ በስፕሪንግ ተጭና የተቀመጠችውን መርፌ ወደ ላይ ይስባታል። መርፌዋ የምትነሳው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ነው። በዚያች ክፍተት፣ ፓምፑ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ባር ግፊት ላይ ያቆየው ቤንዚን በጉም መልክ ይረጫል። ከዚያ ኮረንቲው ይቋረጣል፣ ስፕሪንጉ መርፌዋን ይመልሳታል፣ በሩ ይዘጋል። ይህ ሁሉ ሚኒሞ ላይ ከሰከንድ ሺህ ክፍል ሁለት ሦስቱን ብቻ ነው የሚፈጀው። ቦሽ ይህን ዓይነቱን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1967 በቮልስዋገን 1600 ላይ ለብዙኃን ገበያ ካወጣ በኋላ ጃፓኖችም ተከትለውታል።

እንግዲህ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ላይ የሚሠራ ነገር በምን ይበላሻል ቢሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመቆም ነው። ሞተሩ ሲሠራ የሚያልፈው ቤንዚን ራሱ መርፌዋን ያጥባታል፣ ያቀዘቅዛታል። ጉዳቱ የሚመጣው ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ነው። የጋለው ብረት ሙቀቱን ወደ ኢንጀክተሩ ጫፍ ይልካል፤ ጫፉ ላይ የቀረችው ጠብታ ቀላል ቀላሉ ይተንባትና ከባዱ እንደ ሙጫ ይቀራል። በሚቀጥለው ማቆም ሌላ ሽፋን ይደረባል። የዲዳ ገልገሉን ጥቁር ድንጋያማ በረሃ አቋርጣ የመጣች መኪና ከኬላው ፊት ሞተሯን አጥፍታ ወረቀት እስኪጨርሱላት ስትጠብቅ ማለት ነው፤ ከዚያ አሥር ሜትር ተንቀሳቅሳ ደግሞ ስትጠፋ። ለኢንጀክተር ከዚህ የከፋ ኑሮ የለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ይኸው ሙጫ ብዙ አዳዲስ መኪኖችን አስነክሶ፣ ነዳጅ አምራቾቹ ቤንዚኑ ውስጥ አጣቢ ኬሚካል እስከ መጨመር ደርሰዋል።

ሁለተኛው ጠላት ራሱ ነዳጁ ነው። የሁለቱ አገሮች የነዳጅ ዋጋ በተራራቀ ቁጥር ጀሪካን ድንበር ይሻገራል፤ ኢትዮጵያ ነዳጅ በምትደጉምባቸው ዓመታት የኮንትሮባንዱ አቅጣጫ ወደ ኬንያ ነበር። ጀሪካን ትናንት ምን እንደያዘ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ ላምባ መቀላቀል አለ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በሊትር 18 ሽልንግ ልዩ ቀረጥ ላምባ ላይ የጣለችው ይህንኑ ድብልቅ ለማስቆም ነው። ላምባ ከቤንዚን ይከብዳልና ጫፍ ላይ የሚቀረው ዝቃጭ ይበዛል። አዲስ አበባ የኖረች መኪና ደግሞ ሌላ ታሪክ ይዛ ልትመጣ ትችላለች፤ ከ2001 ዓ.ም ጀምሮ በከተማዋ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ ኋላም 10 በመቶ ኢታኖል ይቀላቀል ነበር። ለኢታኖል ያልተሠራ የድሮ ጎሚኒ በእርሱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል።

ወደ ሴሊካችን እንመለስ። ፉንዲው ረጅም ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ኢንጀክተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ቲክ ቲክ ቲክ ይሰማል። ጥሩ ዘዴ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን የሚነግረን መርፌዋ መንቀሳቀሷን ብቻ ነው። ምን ያህል እንደረጨች አይነግርም። ቀጥሎ መሰኪያዎቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ሞተሩን ያዳምጣል፤ ሲነቀል የሞተሩ ዙር ካልወረደ ያ ሲሊንደር ድሮም አልሠራም። በቴስተር የሽቦውን ኦም መለካትም ይቻላል፤ አንዱ ዓይነት 2 ወይም 3 ኦም፣ ሌላው ከ12 እስከ 16 ኦም ያሳያል። ይህን ሳያውቁ ዝቅተኛ ኦም ያለውን ቀጥታ ከባትሪ ጋር ማገናኘት ሽቦውን ማቃጠል ነው። ሽቦው የተቃጠለ ኢንጀክተር ደግሞ በእጥበት አይነሳም።

ሲፈታ የመጀመሪያው ጉዳይ እሳት ነው። ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ግፊት ላይ ነው፤ የፓምፑን ፊውዝ ነቅሎ ሞተሩን እስኪጠፋ ማስነሳት፣ ከዚያም ባትሪውን መንቀል ያስፈልጋል። የጋራዥ ቡና ከሰል ከወዲያኛው ጥላ ሥር ይቆይ። ሲጋራውም እንዲሁ።

ከዚያ ነው ዋናው ስህተት የሚፈጸመው። ብዙ ሰው ኢንጀክተርን ቆሻሻ ጠርሙስ አድርጎ ያስበዋል፤ በተቆረጠ ጀሪካን ቤንዚን ውስጥ ይነክረዋል፣ በቀጭን ሽቦ ቀዳዳውን ይጎረጉራል። ሽቦው ሙጫውን ያወጣው ይሆናል፤ ግን መርፌዋ የምታርፍበትን ገጽ ይቧጭረዋል፤ የተቧጨረ ገጽ ያንጠባጥባል። በትክክል የሚታጠበው በድምፅ ሞገድ ገንዳ ነው። በሰከንድ 40 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚንዘረዘር ፈሳሽ ውስጥ ይነከራል፤ እዚያው እያለ ኮረንቲ እየተሰጠው ይከፈታል ይዘጋል፣ ፈሳሹ ውስጡን እንዲያገኘው። ከላይኛው አፉ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ የወንፊት ማጣሪያ አትታጠብም፤ በብሎን ተወግታ ትወጣና በአዲስ ትተካለች። ላይና ታች ያሉት ጎሚኒዎች፣ ጫፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ቆብም እንዲሁ።

እስካሁን ያወራነው ንጽሕና ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው ባይ ነኝ። አራቱም ኢንጀክተሮች በአንድ መደዳ ይሰቀላሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ሥር ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ቱቦ አለ። በእኩል ግፊት፣ ለእኩል ሰከንድ ይረጫሉ። ለምሳሌ 60፣ 58፣ 61 እና 49 ሚሊ ሊትር ወጣ እንበል። አማካዩ 57 ነው። አራቱም ታጥበዋል፣ አራቱም ያበራሉ፣ ሦስቱም ለአማካዩ ይቀርባሉ፤ አራተኛው ግን 14 በመቶ ይጎድለዋል።

የመኪናዋ ኮምፒውተር ይህን አያይም። ጭስ ማውጫው ላይ መለኪያ ካላትም አራቱ ሲሊንደር ያወጣው ጭስ ከተደባለቀ በኋላ ነው የሚለካው። አማካዩን ያስተካክላል፤ ሦስቱ በመጠኑ ይሰክራሉ፣ አንዱ ይራባል። የተራበው ሲሊንደር ይግላል፤ ቀልጣፋ መኪና ናትና ሹፌሩ ነዳጅ ይረግጣል፤ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው ዳገት ላይ ፒስቶኑ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ አራት እኩል የደከሙ ኢንጀክተሮች፣ ሦስት አዲስና አንድ ደካማ ካላቸው ሞተር ይሻላሉ ብል ማጋነን አይሆንም። ጥሩ ባለሙያ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ወደ ጥቂት በመቶ ያወርዳል፤ አልወርድ ያለውን አውጥቶ ተመሳሳይ ይፈልጋል። መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ ከገበያ የተነሳ ርካሽ ኢንጀክተር እዚህ አያድንም፤ መሰኪያው ገጥሞ ፍሰቱ ሊለያይ ይችላል።

ሌሎች ሁለት ነገሮች እዚያው መደዳ ላይ ይታያሉ። አንዱ የርጭቱ ቅርጽ ነው፦ ጉም መሆን አለበት፤ እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ቤንዚኑ በወጉ ሳይተን ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ሁለተኛው ማንጠባጠብ ነው። ኮረንቲ ሳይሰጠው ግፊት ላይ ተይዞ ይታያል፤ በደቂቃ ከአንድ ጠብታ በላይ ካወረደ ጠዋት ለመነሳት ያንገራገረችው መኪና ምክንያቷ ተገኝቷል።

እንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ሄሉ ላይ ባይገኝ ኢንጀክተሮቹ ተጠቅልለው በአውቶቡስ ናይሮቢ ይሄዳሉ፤ መኪናዋ ትቆማለች እንጂ በግምት አትገጠምም። ሲመለሱ ጎሚኒዎቹ በንጹሕ የሞተር ዘይት ይቀባሉ፣ ኢንጀክተሮቹ ሳይገፉ ይገባሉ። ቁልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ እየበራ ግፊቱ እስኪሞላ ይጠበቃል፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሥር በእጅ ይዳሰሳል፤ የነዳጅ ፊልትሮውም ይቀየራል።

ከመወርወራቸው በፊት ግን እነዚያን የወጡ ትንንሽ ማጣሪያዎች ነጭ ወረቀት ላይ ማራገፍ ያስፈልጋል። ጥቁር ፍርፋሪ ከወጣ ያረጀ የነዳጅ ቱቦ እየተፈረፈረ ነው፣ ከሞተሩ አጠገብ ያሉት የጎማ ቱቦዎች ይመርመሩ። ቡናማ ሙጫ ከሆነ ቤንዚኑ ለረጅም ጊዜ ቆሞበታል። ቀይ ዱቄት ከሆነ ዝገት ነው፤ የሴሊካዋ ባለቤት ቁልፍ ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ታንኩ ይሂድ።