የዓይን ሌዘርና የአሜሪካ ግብር፦ «ይቀነሳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን መነጽርን ለመገላገል ሲያስቡ አንድ ምክር አይጠፋም፦ «ሌዘሩን ተሠራ፤ ወጪው ከግብር ይቀነስልሃል።» ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ አይደለም። ሕክምናው ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል፤ የጤና ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍነውም። ስለዚህ ነገሩን ቀድሞ መረዳት ኪስን ያድናል። (ስለ አሜሪካ የጠቀስኳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ሌዘር ሕክምና ነው ወይስ ቁንጅና? የአሜሪካ ሕግ መልክን ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን ከግብር አይቀንስም። የገቢ ግብር መሥሪያ ቤቱ (አይ አር ኤስ) በ2003 ባወጣው ውሳኔ ግን ሌዘር በአግባቡ የማይሠራን የአካል ክፍል ስለሚያስተካክል ሕክምና ነው አለ። በዚያው ውሳኔ ጥርስ ማንጣት ቁንጅና ነው ተብሎ ቀረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «በቃ፣ ገንዘቤ ይመለሳል» ይላል። ሆኖም ሁለት አጥሮች አሉ። አንደኛ፣ የሚቀነሰው ከዓመት ገቢው 7.5 በመቶ በላይ የሆነው የሕክምና ወጪ ብቻ ነው። 40,000 ዶላር የሚያገኝ ያላገባ ሠራተኛ ለሌዘር 4,400 ዶላር ከፈለ እንበል። የገቢው 7.5 በመቶ 3,000 ነው፤ ስለዚህ የሚታሰብለት 1,400 ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የሚቀነሰው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እንጂ ከግብሩ ከራሱ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ይህን ለማግኘት ወጪዎቹን በዝርዝር ማቅረብ አለበት። በዝርዝር ካላቀረበ መንግሥት ለሁሉም የሚፈቅደውን መደበኛ ተቀናሽ ይወስዳል፤ ይህም ላላገባ ሰው በ2024 14,600 ዶላር ነበር። የዝርዝሩ ድምር ከዚህ ካልበለጠ 1,400ዋ ምንም አትጠቅመውም።

ታዲያ መላው ምንድን ነው? ብዙ አሠሪዎች ኤፍ ኤስ ኤ የሚባል የሕክምና ሂሳብ አላቸው። ሠራተኛው ግብር ሳይቆረጥ ከደመወዙ ያስቀምጣል፤ ሌዘርም ከዚያ መክፈል ይቻላል። የ2024 ጣሪያ 3,200 ዶላር ነበር። ከላይ ያየነው ሠራተኛ ይህን ሙሉውን ቢያስቀምጥ ከግብርና ከሶሻል ሴኩሪቲ መዋጮ ከ600 ዶላር በላይ ይተርፈዋል፤ 7.5 በመቶ የሚባል አጥርም የለበትም። ነገር ግን መጠኑ የሚወሰነው ዓመቱ ከመግባቱ በፊት በምዝገባ ወቅት ነው። ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ደግሞ በአብዛኛው ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ዓይንህ ለሌዘር ይሆናል» መባል ያስፈልጋል። በራሱ ታክሲ የሚሠራ ሰው ደግሞ ኤፍ ኤስ ኤ መክፈት አይችልም።

በእኛ አገርስ? በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ነፃ ያደረገው አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚከፍለውን ወጪ ነው። ተቀጣሪው ከኪሱ የከፈለውን ከደመወዝ ግብሩ ላይ አላስቀነሰለትም። በሁለቱም አገር፣ ወጪው ሕክምና ነው ከመባሉ ይልቅ በየትኛው መንገድ እንደተከፈለ ለውጥ ያመጣል ማለት ነው።

እንግዲህ ዘመድዎ «ከግብር ይቀነሳል ተባልኩ» ብሎ ከደወለልዎ መልሰው ይጠይቁት፦ ምዝገባው መቼ ነው?