የምስጠራ ሶፍትዌርና የፈቃድ ውል፦ የኦፕንኤስኤስኤል ተሞክሮ

የአንድ ምስጠራ ሶፍትዌር ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ብቻውን ማንም ከሌላ ፕሮግራም ጋር አዋሕዶ ሊያሰራጨው ይችላል ማለት አይደለም፤ ወሳኙ የፈቃድ ውሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ኦፕንኤስኤስኤል ለዚህ ማሳያ ነው። ከቀዳሚው ሶፍትዌር የወረሰው ፈቃድ፣ የሶፍትዌሩን ገጽታዎች የሚጠቅስ ማስታወቂያ ሁሉ የአዘጋጆቹን ስም እንዲያነሳ ያስገድድ ነበር። ጂፒኤል የተባለው ፈቃድ በበኩሉ በተቀባዩ ላይ ተጨማሪ ገደብ መጣልን ይከለክላል። በመሆኑም ሁለቱን ፈቃዶች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ አጣምሮ ማክበር አስቸጋሪ ሆነ። የጂፒኤል ፕሮግራም አዘጋጆች ወይ በፈቃዳቸው ላይ ልዩ አንቀጽ መጨመር፣ ወይ እንደ ግኑቲኤልኤስ ያለ አማራጭ መጠቀም ነበረባቸው።

ፕሮጀክቱ በ2017 ፈቃዱን ለመቀየር ሲነሣ፣ የኮዱ ባለመብቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ ስለነበሩ የእያንዳንዳቸውን ስምምነት መጠየቅ፣ ያልተስማሙት የጻፉትንም ማስወገድ ወይም እንደገና መጻፍ ግድ ሆነበት። ሥሪት 3.0 በአፓቼ 2.0 ፈቃድ የወጣው በ2021 ነው። ይህ ፈቃድ ከጂፒኤል ሦስተኛ ሥሪት ጋር ይጣጣማል፤ በነፃ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን አተረጓጎም ግን ከሁለተኛው ጋር አይጣጣምም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ሲጀመር በቸልታ የታለፈ አንድ አንቀጽ ከዓመታት በኋላ ለማረም ብዙ ድካም እንደሚጠይቅ ነው።